የበቅሎዋ ማሰሪያና የሞተሩ ማቆሚያ

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የሚፈርደው በበቅሎዋ ላይ ነው። ገመዱን የት እንዳሰረው፣ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዳቆማት፣ ውኃው ምን ያህል እንደራቃት ባለቤቱን የሚጠይቅ ተረት ግን እኔ አላጋጠመኝም። ሞተር ብስክሌት ገመድ አይበጥስም። ባለቤቱ ግን ይበጥሳል፤ የተሠራለትን ማቆሚያ ትቶ መስኮት ሥር፣ ደረጃ አጠገብ፣ ዛፍ ጥግ ያቆማል። ያን ጊዜ ዘበኛ ይቆጣል፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ «ሥነ ሥርዓት የሌለው ወጣት» ይባላል። እንደ ተረቱ ሁሉ ፍርዱ በበጣሹ ላይ ነው።

ይኸ ጽሑፍ ፍርዱን ገልበጥ አድርጎ ለማየት የተነሣ ነው። ርእሱ ትንሽ መስሎ የሚታያችሁ ጓደኞች ትኖሩ ይሆናል። «የታሪክ ተማሪ ሆነህ ስለ ሞተር ማቆሚያ ትጽፋለህ እንዴ!» ብሎ የሳቀብኝም አለ። ዳሩ ግን በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሰውን ታሪክ ከመጓጓዣው ለይቶ መጻፍ አይቻልም። መጓጓዣ ደግሞ ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ሲቆምም ታሪክ አለው። ማን የት ይወርዳል፣ ማን የት ያስራል፣ ይኸንንስ የሚወስነው ማነው ብሎ መጠየቅ፣ በዚያ አገር ማን በማን ላይ ሥልጣን እንደነበረው መጠየቅ ነው።

እስቲ ከቅፍለቱ እንነሣ። ከምፅዋ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ጎንደር የሚገባው የንግድ መንገድ ተከዜን ከተሻገረ በኋላ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት አድርጎ የወገራን ሜዳ ይይዝ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1770) ወደ ጎንደር ሲሄድ የወጣው በዚሁ አቀበት ነው፤ ስለ አስቸጋሪነቱም በሰፊው ጽፏል። ሊማሊሞ ላይ ኬላ ነበር፤ ነጋዴው ቀረጥ የሚከፍልበት። ከቆላው ሙቀት ተነሥታ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የደባርቅ ብርድ የወጣች በቅሎ ደግሞ ከኬላው በፊትም ሆነ በኋላ መቆም፣ መራገፍና ማረፍ አለባት። ታዲያ የት?

እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ፤ ነገሩ ያለው ከዝርዝሩ ውስጥ ነውና። ጭነት የሚወርደው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ሆነው እኩል ካልፈቱት ኮርቻው ይዞርና በቅሎዋን ይጥላታል። ስለዚህ ማራገፊያው ሜዳ መሆን አለበት፤ ተዳፋት ከሆነ ከታች በኩል የቆመው ሰው ጭነቱ ይወድቅበታል። የተራገፈች በቅሎ አፈር ላይ መንከባለል ትፈልጋለች፤ ድንጋያማ ከሆነ ጀርባዋ ይቆስላል። ላቧ ሳይደርቅ ውኃ አትጠጣም፣ ስለዚህ ውኃው ቅርብ ይሁን እንጂ ከአፍንጫዋ ሥር አይሁን። ተራጋጭዋ ለብቻዋ ትታሰራለች። ድንጉላ ፈረስ ከባዝራ አጠገብ አይታሰርም፤ የታሰረ እንደሆነ ሌሊቱን የሚተኛ ሰው የለም። ጭነቱ በተራ ይደረደራል፤ ጎህ ሳይቀድ በጨለማ ሲጫን እያንዳንዷ በቅሎ ወደ ራሷ ጭነት እንድትመለስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጅብ አለ። በቅሎ የምታድረው ዓይን ባለበት፣ እሳት ባለበት፣ ሰው ሳል ሲል በሚሰማበት ነው።

ይኸን ሁሉ በወረቀት ላይ የነደፈው መሐንዲስ የለም። ያወቀው በቅሎ ነጂው ነው፤ ማታ የሚያራግፈው፣ ሌሊት የሚነሣው፣ ጠዋት የሚጭነው እሱ ነውና። ሲራራ ነጋዴው አለቃ ነበረው፣ ነጋድራስ የሚባል፤ ሥልጣኑም ቀላል አልነበረም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። ሆኖም ነጂዎቹን ሳይሰማ ያሰፈረ አለቃ ሲነጋ ስንት በቅሎ እንደጎደለው መቁጠሩ የማይቀር ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ሁሉም ሰው እንዳሻው ያስር ነበር አላልኩም። ወሳኝ ነበረ፤ ወሳኙ ግን ከሚያስረው ሰው ጋር አንድ እሳት ይሞቅ ነበር።

ከዚህ ከቅፍለቱ ልማድ ጎን ለጎን ሌላ ልማድ ነበረ፤ የቤተ መንግሥቱ። በጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ የአፄ በካፋ (እ.ኤ.አ. 1721–1730) ግብር ቤትና የፈረስ ጋጣ ዛሬም ይታያል። በፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለችውን ጉልላት ያላት ትንሽ ሕንፃ ደግሞ ሕዝቡ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይላል። የንጉሥ ፈረስ ሞቶም ቦታ አለው ማለት ነው! የነገሥታቱን ፈረስና በቅሎ የሚጠብቅ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበረ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባልደራስም በቅሎ ቤትም ዛሬ የሠፈር ስም ናቸው፣ ጎጃም ውስጥም ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ አለች። ካርታችን ራሱ የማሰሪያ ካርታ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

በዚህ በሁለተኛው ልማድ ግን ማሰሪያው የሚለካው በውኃና በሜዳ አይደለም፤ በማዕረግ ነው። ሰው መንገድ ላይ ከርሱ የሚበልጥ ጌታ ሲያጋጥመው ከበቅሎው ይወርድ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲደርስም ይወርዳል፤ ይኸኛው እንኳ ጌታም ሎሌም እኩል የሚወርዱበት ነው። ወደ ጌታ ግቢ ሲገባ ግን አንዱ ከውጭ አጥር፣ አንዱ ከውስጥ በር፣ አንዱ ከአዳራሹ ደጃፍ ይወርዳል። የወረድክበት ቦታ ማን እንደሆንክ ይናገራል። ከሩቅ አገር የመጣ ባላገር በቅሎውን ከአጥር ውጭ አስሮ፣ ወይ የሚጠብቅለት ልጅ ቀጥሮ፣ ልቡ ከበቅሎው ጋር እንደቀረ አቤት ይላል።

ይኸን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ሲመረቅ ዋናው ግቢው ንጉሡ የለቀቁት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ከቤተ መንግሥት ግቢ ጋር የተገናኘው በምሳሌ ብቻ ሳይሆን በአጥሩና በበሩ ነው። ከዚያ በኋላ የተከፈቱት ግቢዎች አጥር አዲስ ነው፤ ልማዱ ግን አብሮ የተዛወረ ይመስለኛል። የኃላፊ መኪና እስከ ደጃፉ ትገባለች፤ ለርሷ በቀለም የተሰመረ ቦታ አላት። ሞተር ብስክሌት ደግሞ ከተረፈው ቦታ የተረፈው ይሰጠዋል። ብስክሌትማ አይነሣ። ማሰሪያው አሁንም ማዕረግ ይለካል እኮ!

በሁለቱ ልማዶች መካከል ደግሞ ሦስተኛው መጣ፤ የመሐንዲሱ ወረቀት። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከአሥመራ ወደ ጎንደር የዘረጋው መንገድ ሊማሊሞን በመጠምዘዣ ላይ መጠምዘዣ እየደራረበ ወጣው። እውነቱን ለመናገር እንደ መሐንዲስ ሥራ የሚያስደንቅ ነው፤ ያየው ሁሉ ይመሰክራል። ለማን ተሠራ የተባለ እንደሆነ ግን መልሱ ሌላ ነው፤ ለወታደርና ለካሚዮን። በዚያው ዘመን ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት ለጎንደር የነደፈው ፕላን የጣሊያኑን ሠፈርና ያገሬውን ሠፈር የሚለያይ ነበር። ማንንም ሳይጠይቁ ቦታ ማደል እንደዚህ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ከመስመሩ ውጭ ነው።

ዳባትና ደባርቅ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘረጉ። በቅሎዋ ግን አልጠፋችም። ለምን ቢባል መንገዱ ወደ ጃናሞራ፣ ወደ በየዳ፣ ወደ ጠለምት ሸንተረሮች አይገባማ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠናቸው የጤና ባለሙያዎች መኪናው በቆመበት ወርደው በበቅሎና በእግር ቀጥለዋል። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር የተላኩት ተማሪዎችም መንገድ ሲያልቅባቸው ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። በጥቅምት 1962 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲመሠረት ጽሕፈት ቤቱ ደባርቅ ሆነ፤ ወደ ሳንቃበር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ የሚወጣ ጎብኚ ዛሬም ጓዙን የሚጭነው ደባርቅ ተከራይቶ በሚነዳ በቅሎ ነው። አስፋልቱ ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን አይሱዙና ከጀርባው ያለችውን ኮርቻ የተጫነች በቅሎ በአንድ ዓይን ማየት ለደባርቅ ሰው ብርቅ አይደለም።

እንግዲህ ሞተር ብስክሌቱ የገባው በዚህ መካከል ነው። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የወረዳ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ሱቅ ያለው ወጣት፣ በቅሎዋ የምትሄድበትን ግማሽ መኪናው ከሚሄድበት ግማሽ ጋር የሚያገናኝለት ሞተሩ ነው። የበቅሎን ሥራ ወረሰ፤ ችግሯንም አብሮ ወረሰ። በደባርቅ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በአራተኛው ትውልድ ከተከፈቱት አንዱ የሆነ ዩኒቨርሲቲ አለ። እንደ ማናቸውም አዲስ ግቢ ነገሩ ሁሉ ገና በሚሰመርበት ዕድሜ ላይ ያለ ነው፤ ሲሚንቶ ሳይደርቅ መነጋገር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ አውቃለሁ፤ ደባርቅ አይደለም። ለሞተር ብስክሌት የሚሆን ጥሩ ዳስ ተሠርቶለታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሞተሮቹ ሁሉ ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር ጭቃ ላይ ተደርድረዋል። ባለቤቶቹን ለምን ብዬ ብጠይቅ አንዱ «እዚያ ማን ያየዋል?» አለኝ። ዳሱ ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፤ ዓይን የለበትም። ጅቡ ተለውጧል እንጂ ጅብ አለ፤ ቤንዚን የሚቀዳ፣ መስተዋት የሚፈታ ጅብ። ሁለተኛው ያለኝን ደግሞ እኔ በራሴ ሺሕ ዓመት ባስብ አላገኘውም ነበር። የሞተር ብስክሌት የጎን መቆሚያ በስተግራ ነው። የዳሱ ወለል ውኃ እንዲፈስ ተብሎ አዘንብሏል፤ ያዘነበለው ግን ሞተሩ ገብቶ ሲቆም ወደ ቀኙ ነው። ግራው ከፍ፣ ቀኙ ዝቅ ሲል ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ትንሽ ነፋስ ወይም የሰው ክርን ሲነካው ወደ ቀኝ ይወድቃል። አንዱ ሲወድቅ አጠገቡ ያለውን ይዞ ነው። መሐንዲሱ ስለ ውኃው ትክክል ነበር። ስለ ሞተሩ ግን አልጠየቀም። ማራገፊያው ተዳፋት ሲሆን ጭነቱ ከታች ባለው ሰው ላይ ይወድቃል ያልነውን አታስታውሱም?

«ይኸ ሁሉ መጠየቅ ሥራ ያጓትታል» የሚል አለ፤ ክርክሩ ባዶ አይደለም። ተጠያቂው ሁሉ ማቆሚያው በየራሱ ደጃፍ ይሁንልኝ ሊል ይችላል። ሞተር የሌለው ተማሪ፣ በተለይ ማታ ከቤተ መጻሕፍት የምትመለሰው ተማሪ፣ መንገዷ በሞተር እንዳይዘጋ፣ መብራቱም ለሞተሩ ብቻ ሳይሆን ለርሷም እንዲሆን ትፈልጋለች፤ እሷን ያልጠየቀ ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። ነጋድራስ ያስፈለገው ለዚህ ነበር፤ ሁሉን ሰምቶ የሚቆርጥ። እኔ የምቃወመው ቆራጩን አይደለም፤ ከእሳቱ ርቆ ቢሮው ተቀምጦ የሚቆርጠውን ነው።

ይኸ ያገራችን ጉዳይ ብቻም አይደለም። ተማሪው በየአገሩ በተነሣበት ዘመን ማግሥት፣ አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ግቢውን እንዴት እንደሚያሳድግ እንዲያጠኑለት ክሪስቶፈር አሌክሳንደርን ከባልደረቦቹ ጋር ጋበዘ። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው «የኦሪገን ሙከራ» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ የሰፈረው ሐሳብ ለጊዜው ደፋር ነበር፦ ምን ይሠራ፣ እንዴት ይሠራ የሚለው በሚጠቀሙበት ሰዎች እጅ ይሁን፤ ግቢውም ሃያ ዓመት አስቀድሞ በተሳለ አንድ ትልቅ ካርታ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ይደግ፤ በየዓመቱም የቱ ቦታ ሕያው ነው፣ የቱ ሞቷል ተብሎ ይመርመር። ሳነበው ሳቅ ያዘኝ። ማታ ሰፍሮ፣ ጠዋት የጎደለውን ቆጥሮ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ማደሪያውን የሚያሻሽለው የሊማሊሞ ቅፍለት ከዚህ በምን ይለያል? እነሱ መጽሐፍ ጻፉበት፣ የኛዎቹ በቅሎ ጫኑበት።

ሳይጠየቁ የተወሰነባቸው ሰዎች ታሪክ ሁልጊዜ እንደ ሞተር ማቆሚያ የሚያስቅ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተርታ ተመዘገበ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣት ከተደረጉት ነገሮች አንዱ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የነበረችው የግጭ መንደር መነሣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ዳር ወረዱ። ዋልያውም የቀይ ቀበሮውም ነገር እውነተኛ ነው፤ ግጦሹ መራቆቱን የሚክድ የለም። ቢሆንም የግጭ ሰው ኑሮው በገብስና በከብት ነበር፤ የከተማ ቦታ ደግሞ የሚለካው በካሬ ሜትር ነው። በካሬ ሜትር ውስጥ በግ የት ይታሰራል? ፈረስ የት ይቆማል? ከደጋ የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይኸንን ነው፤ የቦታ ሥሪቱን የሚነድፈው ሰው ደግሞ መጨረሻ የሚያስበው። እንደዚሁም አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ በዛ በሚል፣ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ስታግድ፣ ዘራፊውም ዕቃ አድርሶ የሚያድረውም በአንድ ገመድ ታሰሩ። ፈቃድ ያገኘው ቆይቶ ተፈታ።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። መጠየቅ ማለት ስብሰባ ጠርቶ አበል ከፍሎ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በየቤቱ እየዞረ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ ብሎ ይመዘግባል። ልደትና ሞትን የሚያህል ነገር ደጃፍ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ከተቻለ፣ ሞተርህን የት ታቆማለህ ብሎ መጠየቅ ምኑ ይከብዳል? ደግሞም ሰው ሳይጠየቅ የሚመልሰው መልስ አለ። ሐምሌ ላይ ጭቃው ላይ የታተመውን የጎማ ዱካ ማየት ነው፤ በየት ገብቶ፣ የት ዞሮ፣ የት እንደቆመ ጭቃው ጽፎታል። የክረምት ትምህርት ለመማር ከየወረዳው የሚመጡት መምህራን በአዘቦት ከማይታዩት ሞተሮች ጋር የሚመጡት በዚያው ወር ነውና መቁጠሪያው ጊዜም ያው ነው።

የደባርቅን ብርድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከቆላ ግቢ የተቀዳ ንድፍ አይቀበልም። ቆላ ላይ ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ እዚህ ጠዋት ፀሐይ ይፈልጋል፣ ውርጭ የመታው ሞተር ቶሎ አይነሣምና። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከጎን ስለሚመጣ ጣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ግድግዳ ያሻል። ጉም ሲወርድ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም፣ ስለዚህ ማቆሚያው ለበሩ ቅርብ ይሁን። ሰንሰለት የሚታሰርበት ቀለበት በጎማው ከፍታ ልክ መሬት ውስጥ ይተከል፤ ይኸ እንኳ አያቶቻችን የሚያውቁት ችካል ነው። ከገጠር በበቅሎ የሚመጣ አባት ልጁን ሊጠይቅ ቢመጣ በቅሎዋን የት ያስራል የሚለውንም አንርሳ፤ በደባርቅ ይኸ ቀልድ አይደለም።

ለአንድ መንፈቅ ዓመት በኖራ ብቻ ይሰመር። ሞተሩ ከኖራው መስመር ሲሸሽ ወዴት እንደሸሸ ይታይ፤ መስመሩም ተከትሎት ይሂድ። ኖራ ርካሽ ነው፣ ዝናብ ያጥበዋል። ሲሚንቶው ከዚያ በኋላ ይምጣ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ዘበኛው ነው፤ ሌሊቱን ከሞተሮቹ ጋር የሚያድረው፣ እሳቱንም የሚያነድደው እሱ ነውና።